«ኢትዮጵያ ስንተኛ ናት?» ስንባባል የምንሠራቸው ስህተቶች

እሁድ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛዬ ስልኩን ገፋ አደረገልኝ። «እዪማ፣ በአካባቢ ጥበቃ ከታች ነን!» ሌላው ቀበል አድርጎ «ውሸት ነው፤ እኛ ምን ጭስ አለን?» አለ። ይህን ሲል ቡና አፍዪዋ ከምታራግበው ከሰል የሚወጣው ጭስ ዓይኑን እያስለቀሰው ነበር።

ሁለቱን ሠንጠረዥ ማምታታት። የሁለቱም ጠብ ከዚህ የመጣ ነው። በሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት አንደኛ መውጣት አያኮራም። ዬልና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች በየሁለት ዓመቱ በሚያወጡት የአካባቢ አፈጻጸም መለኪያ ግን አንደኛው ጎበዙ ነው። እሱ ደግሞ የመጠጥ ውሃን፣ ደንን፣ ዓሣ ማስገርን፣ የማገዶና የከሰል ጭስንም ይቆጥራል። ያቺ ምድጃ ነጥብ ታስጥለናለች ማለት ነው።

ጠቅላላውን ከነፍስ ወከፍ ጋር መደባለቅ። በጠቅላላ ልቀት ቻይና አንደኛ ናት፤ ለሕዝብ ሲካፈል አሜሪካ ትበልጣታለች። የእኛ የነዳጅና የሲሚንቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአንድ ሰው በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው። የዓለም አማካይ ከ4 ቶን በላይ።

ልቀት ሲባል ባጃጅ ብቻ ማየት። ይህን እኔም ለዓመታት ተሳስቼበታለሁ። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ነው፤ ከጣና ውሃ የሚወስደው የበለስ ማመንጫ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ታዲያ ልቀቱ ከየት መጣ? ወደ ፎገራ ሜዳ ውጡና ጥላ ሥር ተኝታ የምታመሰኳ ላም እዩ። ሆዷ ውስጥ ሣሩ ሲብላላ ሚቴን ይፈጠራል፤ በግሳት ይወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ከብቱ ደግሞ ብዙ ነው፤ ኢትዮጵያ በከብት ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ውሃ የተኛበት የፎገራ ሩዝ ማሳም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ላሟን መውቀስ አይደለም፤ የካርቦን ብቻ ሠንጠረዥ ግን እሷን አያያትም።

«68.8 በመቶ እንቀንሳለን» የሚለውን ከዛሬው ላይ መቀነስ። ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. የገባችው ቃል፣ ምንም ባይሠራ በ2030 ከሚደርሰው መጠን ላይ ነው። አብዛኛው ደግሞ በውጭ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እና እባካችሁ፣ 2030 የፈረንጅ ነው! ያኔ በእኛ ገና 2022 ነው ማለት ነው። ገና ብዙ ጊዜ አለን የሚል ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ስንቱን ሰማሁ መሰላችሁ።

እምቦጭን ከልቀት ሠንጠረዥ መፈለግ። የለም። እሱን የሚያፋፋው ከማሳና ከከተማ ወደ ሐይቁ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው።

ደረጃን ከዓመት ዓመት ማነጻጸር። በ2022 ዴንማርክ፣ በ2024 ኢስቶኒያ አንደኛ ወጡ። በመካከሉ የአሠራር ቀመሩም ተቀይሯል። ወጣን ወረድን ከማለታችን በፊት የዓመቱን መግለጫ ማንበብ ነው።

ጓደኛዬ ሠንጠረዡን ወደ ላይ ሳበው። 2018 ይላል። «ይኸው፣ የዘንድሮ ነው!» አለ። የፈረንጁ 2018 ነበር።