ከምግብ ምርመራ በኋላ አመጋገብ ሲስተካከል የሚሠሩ ስህተቶች

ሆዱን እየነፋው፣ እየቆረጠውና ተቅማጥ እየተመላለሰበት የኖረ ሰው ተመርምሮ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንግዲህ ምን ልተው?» ብሎ ነው። ቤተሰቡም ያግዘዋል። በሳምንቱ ወተቱ፣ ሽሮው፣ ዳቦውና በርበሬው ከማዕዱ ይነሣና ሰውዬው ከሕመሙ ይልቅ ከርሀቡ ይከሳል። ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ደጀንም ይሁን ቡሬ፣ ስህተቶቹ ተመሳሳይ ናቸው።

ምን እንደተመረመሩ ሳያውቁ ወረቀቱን ማመን

ብዙ ዓይነት ምግብ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ የተዘረዘረበት ውጤት አብዛኛውን ጊዜ አይጂጂ የሚባለውን በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል የለካ ነው። ይህ ሰውነት ምግቡን እንደለመደው እንጂ ምግቡ እንደጎዳው አያሳይም። ዘወትር የሚበሉት ነገር ቀይ ሆኖ መውጣቱ ስለዚህ አይደንቅም። የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008፣ የካናዳው ደግሞ በ2012 ይህ ምርመራ የምግብ አለመስማማትን ለመለየት እንዳይውል መክረዋል።

አይጂኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ግን ሌላ ነገር ነው፤ እውነተኛ አለርጂን ይመለከታል። ምግቡን በበሉ በደቂቃዎች ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከንፈር የሚያብጥ፣ ሰውነት ሽፍ የሚል ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ያንን ምግብ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ቤት ውስጥ መቅመስ አይገባም። የላክቶስ (የወተት ስኳር) የትንፋሽ ምርመራና የሴሊያክ የደም ምርመራ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳሉ።

ሴሊያክ ተጠርጥሮ ሳለ ስንዴን ቀድሞ መተው

ሴሊያክ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የቀጭን አንጀትን ግድግዳ እንዲጎዳ የሚያደርግ በሽታ ነው። ስንዴውን ትተው ከተመረመሩ ደሙም፣ ከአንጀት የሚወሰደው ናሙናም ንጹሕ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ ጊዜ በላይ ግሉተን ያለበት ምግብ መበላት አለበት። ዳቦውን መተው ያለብዎት ምርመራው ሁሉ ሲያልቅ ነው።

«እኔ የምበላው ጤፍ ነው» ብሎ መዘናጋት

ጤፍ ግሉተን የለውም። ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሩዝም የላቸውም። በዚህ በኩል የጎጃም ሴሊያክ ሕመምተኛ ዳቦ ዋና ምግቡ ከሆነበት አገር ሰው ይልቅ ዕድለኛ ነው። ችግሩ እንጀራው ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ማረጋገጡ ላይ ነው። ከገበያ የሚገዛው ለዋጋ ሲባል ስንዴ ወይም ገብስ ሊደባለቅበት ይችላል። ቤት የሚጋገረውም ቢሆን ከአውድማ እስከ ምጣድ ድረስ ሊበከል ይችላል።

ስንዴ የተወቃበት አውድማ ላይ የተወቃ ጤፍ ፍሬ ይቀላቀልበታል። ጤፉን በጥሩ ወንፊት መንፋት ይጠቅማል፤ ጤፉ ደቃቅ ስለሆነ ያልፋል፣ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ሁለቴ ይንፉት። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ስንዴ ካስፈጨ ሰው ቀጥለው ሳይሆን ጤፍ ካስፈጨ ሰው ቀጥለው ይሰለፉ፤ መጀመሪያ የሚወርደውን 2 ወይም 3 ኪሎ ዱቄት ደግሞ ለሌላው ቤተሰብ ይለዩት። ብዙ ሰው የሚረሳው እርሾውን ነው። ድብልቅ ከተቦካበት ቡሃቃ የተቀዳ እርሾ የስንዴውን ቅሪት ወደ አዲሱ ሊጥ ይዞ ይገባል፤ መቡካቱ ግሉተኑን ያጠፋዋል ብሎ መተማመንም አይቻልም። በተለየ ዕቃ ንጹሕ የጤፍ ዱቄትና ውኃ ብቻ አቡክተው፣ ጥቂት ቀን አቆይተው አዲስ እርሾ ያውጡ። የስንዴ ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድም ይለይ።

ከእንጀራው ውጭ ጠላ የገብስ ብቅል አለበት፤ በሶ፣ የገብስ ቆሎና የስንዴ ቅንጬም ይቀራሉ። በጮቄ ዙሪያ የሚበላው እንግዶ (የአጃ ዓይነት) ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ መጀመሪያ ላይ ይተውት። አረቄ ሲወጣ ግሉተኑ ከድፍድፉ ጋር ይቀራል፤ ጨጓራውን ግን አይምረውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሴሊያክ ነው። ሴሊያክ ሳይኖርዎት ስንዴ ብቻ ሆድዎን የሚነፋዎት ከሆነ ወሳኙ መጠኑ ነው፤ እርሾ እስከመቀየር መድረስ አያስፈልግም።

ላክቶስ አልስማማ ስላለ ቅቤና አይብን ጭምር መተው

ንጥር ቅቤ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል። አይብ ጥቂት ነው ያለው፤ በደንብ የረጋ እርጎም ከትኩስ ወተት ያነሰ ነው። አጓቱ ግን ከአይቡ የተለየውን ላክቶስ የሚይዘው እሱ ስለሆነ ያስቸግራል። 250 ሚሊ ሊትር ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለው፤ ብዙዎቹ ላክቶስ የማይስማማቸው ሰዎች ይህን ያህሉን፣ በተለይ ከምግብ ጋር ሲሆን፣ ይችሉታል። አንድ ሲኒ ወተትማ ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው።

ሙከራውን ከጾም መግቢያ ጋር ማጋጨት

ሙከራ ማለት የተጠረጠረውን ምግብ ለጊዜው ትቶ ለውጡን ማየት ነው። ከጾም ጋር ማጋጨቱ የእኛ አገር ስህተት ነው፤ ከውጭ የተገለበጠ የአመጋገብ ዝርዝርም አያስጠነቅቅም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት፣ ቅቤና ሥጋ በአንድ ቀን ይቆማሉ፤ ሽሮ፣ ምስርና ዘይት ይተካሉ። በዚያው ሰሞን ወተት አቁሞ «ሆዴ አልተሻለውም፤ ወተቱ አይደለም» ማለት ከንቱ ነው፤ ወተቱ የቀነሰውን ጥራጥሬው ሞልቶታል። ሙከራው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅ ሙሉው ጊዜ በጾም ውስጥ ወይም ሙሉው ከጾም ውጭ እንዲውል ያቅዱ። ረቡዕና ዓርብ በማስታወሻዎ ላይ ምልክት ይደረግባቸው።

በጾም ጥራጥሬን ሙሉ በሙሉ መተው ደግሞ ፕሮቲኑን ይዞ ይሄዳል። ሽምብራና ባቄላን ሌሊቱን ነክሮ ውኃውን መድፋት፣ ቀቅሎም የተቀቀለበትን መድፋት ጋዝ የሚያመጣውን ስኳር ይቀንሳል። ሽሮ ከነውኃው ስለሚበላ ይህ አይሠራለትም፤ መጠኑን መቀነስ ነው። ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ጋዝ የሚያመጣው ነገር በውኃ ይሟሟል፣ በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ ከወጡ ውስጥ ሽንኩርቱን ለቅሞ ማውጣት አይጠቅምም። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ብቻ አቁላልተው ውኃ ሳይጨመር ካወጡት ግን ጣዕሙ በዘይቱ ይቀራል። ሕመሙ ከጠና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መላ አላት።

መጨረሻ የተበላውን ምግብ ጥፋተኛ ማድረግ

ላክቶስ ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ ሊያስቸግር ይችላል፤ የሽንኩርትና የጥራጥሬው ጋዝ ግን ከብዙ ሰዓት በኋላ ይመጣል። የማታው ቁርጠት የምሳው ሽሮ ሊሆን ይችላል። የበሉትን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ይጻፉ።

የተተወውን ሳይመልሱ መቅረት

ከአለርጂና ከሴሊያክ በስተቀር፣ የተተወ ምግብ ተመልሶ መሞከር አለበት። አንድ ምግብ ብቻ ይምረጡ። ወተት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሲኒ፣ በሁለተኛው ግማሽ ብርጭቆ፣ በሦስተኛው ሙሉ ብርጭቆ፤ ከዚያ 2 ወይም 3 ቀን አርፈው ወደ ሌላው። የት ላይ እንደጀመረዎት ሲያውቁ ልክዎን አወቁ ማለት ነው። በ6 ሳምንት ምንም ካልተሻለዎት ምግቡ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሁሉንም ይመልሱት። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ያለ ሐኪም አይደረግም።

በምግብ እያሳበቡ በሽታውን መርሳት

ሰገራ ውስጥ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ የደም ማነስ ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ ሪፈራል ሆስፒታል መታየት ነው። «ጨጓራ ነው» የሚባለው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ በሰገራ ሲመረመሩ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ከ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን ከ4 ሳምንት በፊት ካላቆሙ ውጤቱ ሊያታልል ይችላል፤ መድኃኒቱን ለማቆም ግን ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ። ጃርዲያም የአንጀትን ግድግዳ ጎድቶ ለጊዜው ወተት እንዳይስማማ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ወተቱን በሲኒ እንደገና ይጀምር።