«ፈቀዱ» የሚል ዜና ሲመጣ፦ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሳይጣሉ መከራከሪያ

ነገሩ ሁሌ የሚጀምረው በስልክ ነው። አንዱ ቴሌግራሙን ከፍቶ «ይኸው፣ እነ እንትናም ፈቀዱ» ይላል። ከዚያ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ጠረጴዛው ይጦፋል። ሐዋሳ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቢሆን፣ አሞራ ገደል ዓሣ እስኪጠበስ እየተጠበቀ ቢሆን፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር የማታ ነፋስ እየተቀበላችሁ ቢሆን ያው ነው። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ጥቅስ ይጠቀሳል፣ ምዕራባውያን ይረገማሉ፣ አንድ ልጅ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ ዜናው ምን እንደነበር ማንም ሳያውቀው ሒሳብ ተከፍሎ ይወጣል።

ይህን የምጽፈው የማንንም አቋም ለማስቀየር አይደለም። አቋማችሁ የራሳችሁ ነው። ግን ክርክሩ ላይቀር፣ ቢያንስ የምንከራከርበትን ነገር እንወቀው። የውጭ ሀገር ነገር ሳነሳ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የእኛን ደግሞ ዓ.ም. እላለሁ። ለምን እንደሆነ ወደታች ይገባችኋል።

ምኑን ነው የፈቀዱት?

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? እዚህ ላይ የሚጨመረው ሐሳብ አንድ ጥያቄ ነው፦ በትክክል የተፈቀደው ምንድን ነው? ምክንያቱም «ፈቀዱ» በሚለው ወሬ ውስጥ ሦስት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ተጠቅልለው ይመጣሉ።

አንደኛው ድርጊቱ ከወንጀልነት መውጣቱ ነው። እስሩ ቀረ ማለት ነው፣ በቃ። ጋብቻ የሚባል ነገር ገና አልተነሳም። ቦትስዋና በ2019 በፍርድ ቤት ያደረገችው ይህን ነው። ሕንድም በ2018 እንዲሁ አደረገች፤ ከዚያ በ2023 እዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጋብቻው ጥያቄ ሲቀርብለት ይህን መፍቀድ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የፓርላማ ነው ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ጋብቻ ያልሆነ ሕጋዊ ጥምረት ነው፤ ውርስ፣ ንብረት፣ የሕክምና ውሳኔ የመሳሰሉትን የሚሸፍን ነገር ግን ጋብቻ ተብሎ የማይጠራ። ክሮኤሺያን ውሰዱ። በ2013 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው ብላ ሕገ መንግሥቷ ላይ ጻፈች፤ በዓመቱ ደግሞ የጥምረቱን ሕግ አወጣች። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንድ ሀገር ውስጥ። ሦስተኛው ራሱ ጋብቻው ነው። ይህን በመጀመሪያ ያደረገችው ኔዘርላንድስ ናት፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2001። ዛሬ ከ35 በላይ ሀገሮች ውስጥ አለ። ከአፍሪካ አንድ ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፣ ከ2006 ጀምሮ።

እንግዲህ በዚህ ወንፊት የቆዩ ወሬዎችን አሳልፏቸው። የካቲት 2023 «ኬንያ ፈቀደች» ተብሎ ከተማው ተናውጦ ነበር። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ የመብት ድርጅት በማኅበርነት መመዝገብ መከልከል አልነበረበትም ብሎ ነው፣ ያውም በሦስት ለሁለት ድምፅ። ድርጊቱ እዚያ ዛሬም እስከ 14 ዓመት ያሳስራል። ታኅሣሥ 2023 ደግሞ «ጳጳሱ ጋብቻውን ባረኩ» ተባለ። ቫቲካን ያለችው ካህን እንዲህ ላሉ ጥንዶች ከሥርዓተ ጋብቻ ጋር በማይመሳሰል መልኩ ቡራኬ ሊሰጥ ይችላል ነው፤ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው የሚለውን ትምህርቷን እዚያው ሰነድ ላይ ደግማ ጽፋዋለች። እሱንም ቢሆን የአፍሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት በወሩ፣ ጥር 2024 ላይ፣ በእኛ አህጉር አይሆንም ብለዋል።

ስለዚህ አንድ ሰው ስልኩን ሲዘረጋላችሁ ርዕሱን ብቻ አንብባችሁ አትመልሱለት። ወደታች ውረዱ። «ጋብቻ» የሚል ከሌለ ስለ ጋብቻ አይደለም። ጽሑፉ ራሱ ከሌለና ፎቶ ላይ የተለጠፈ አንድ መስመር ብቻ ከሆነማ ተውት፣ ዓሣችሁን ብሉ።

ማን ወሰነ?

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው፣ ክርክሩም እዚህ ላይ ይጣፍጣል። «በሕዝብ ላይ ተጫነ» የሚል ሰው አለ፣ «ሕዝቡ ራሱ መረጠ» የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የትኛውን ሀገር እንደያዙ ይወሰናል።

አየርላንድ በግንቦት 2015 ሕዝቧን ጠየቀች፣ 62 ከመቶው እሺ አለ። በጣም ካቶሊክ የምትባል ሀገር ናት፣ በሕዝበ ውሳኔ የፈቀደች የመጀመሪያዋም እሷ ናት። አሜሪካ ውስጥ በወሩ በሰኔ የወሰኑት ዘጠኝ ዳኞች ናቸው፣ አምስት ለአራት። ታይዋን የባሰ ግራ ታጋባለች፦ በ2017 ፍርድ ቤቱ መፈቀድ አለበት አለ፣ በ2018 ሕዝቡ በድምፁ የጋብቻ ሕጉ እንዳይነካ ፈለገ፣ በ2019 ፓርላማው የጋብቻ ሕጉን ሳይነካ ለብቻው ሌላ ሕግ አውጥቶ ፈቀደ። ስሎቬንያም ሕዝቡ በ2015 አይሆንም ካለ በኋላ በ2022 በፍርድ ቤት በኩል ገብቷል። ግሪክ በየካቲት 2024 በፓርላማ ነው ያሳለፈችው፣ 176 ደግፈው 76 ተቃውመው። ይህቺ ለእኛ ሰፈር ወሬ የተለየች ናት፤ አብዛኛው ሕዝቧ ኦርቶዶክስ ከሆነ ሀገሮች የመጀመሪያዋ ናት፣ የግሪክ ቤተ ክርስቲያንም አጥብቃ ተቃውማ ነበር።

የመብት ጥያቄ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል ወይስ በዳኛ? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ጋብቻውን የምትቃወሙም የምትደግፉም እዚህ ላይ እርስ በርሳችሁ ልትለያዩ ትችላላችሁ። የአሜሪካው ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ከተቃወሙት አራቱ አንዱ ነበሩ፤ ክርክራቸው ደግሞ ጉዳዩን ዳኞች ከሕዝቡ እጅ ነጥቀው መወሰን የለባቸውም የሚል ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ስድብ አይፈልግም።

የሌላውን ክርክር ተናገሩለት

ሲዳማ ሽማግሌ ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ላይ ሲቀመጥ «አፊኒ» (ሰምታችኋል?) እያለ፣ መደማመጡን እያረጋገጠ ነው ነገር የሚጨርሰው። ለካፌ ጠረጴዛም ይሠራል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከመመለሳችሁ በፊት የዚያኛውን ሐሳብ በራሳችሁ አፍ ተናገሩት፣ እሱ «አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት» እስኪል። ካላለ ገና አልሰማችሁትም።

ለምሳሌ የሚቃወመው ሰው ሐሳብ ሲጠነክር እንዲህ ነው። ጋብቻ መንግሥት የፈጠረው ነገር አይደለም፣ መንግሥት መጥቶ ያገኘው ነው። ልጅ ከወለዱት እናትና አባት ጋር እንዲያድግ የቆመ ነው። ትርጉሙን ለጥቂቶች ብለህ ስትቀይር ለሁሉም ነው የምትቀይረው። ዛሬ ፈቃድ ነው ትለኛለህ፣ ነገ ልጄ ትምህርት ቤት ሲማረው ግን የሚጠይቀኝ የለም። ይህ «ጸያፍ ነው» ከማለት በጣም የተሻለ ክርክር ነው፣ መልስም ይፈልጋል።

የሚደግፈው ደግሞ ሲጠነክር፦ አንተ ሃይማኖትህን ጠብቅ፣ እኔ የምልህ ስለ መዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ነው። መንግሥት ለተጋቡ ሰዎች ውርስ ይሰጣል፣ ጡረታ ይሰጣል፣ ሆስፒታል ገብቶ የመፈረም መብት ይሰጣል። የአሜሪካው ጉዳይ የተነሳውም ከሞት ምስክር ወረቀት ነው። ጂም ኦበርገፌል የሚባል የኦሃዮ ሰው በ2013 ሌላ ግዛት ሄዶ ያገባው ሰው በጠና ታሞ ነበር፤ ሲሞት ወረቀቱ ላይ የትዳር አጋሩ ተብዬ ልመዝገብ ብሎ ከሰሰ። ሰውዬው በዚያው ዓመት ሞተ፣ ክሱ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እንግዲህ በዚህ ላይ መልስ ስጡ፤ «የፈረንጅ ሴራ ነው» ግን መልስ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦታ ተቀያይራችሁ ለአሥር ደቂቃ ብትከራከሩ፣ ማለትም የሚቃወመው ደግፎ የሚደግፈው ተቃውሞ፣ በጣም ያስቃል፤ ማን ዜናውን እንዳነበበና ማን እንዳላነበበም ወዲያው ይታወቃል።

ሃይማኖቱ ሲገባ

ሐዋሳ ናት፣ ይገባል። ገብርኤል የሚሳለመውና ሙሉ ወንጌል የሚዘምረው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጥሩነቱ ይህ ርዕስ ሁለቱ የሚስማሙበት መሆኑ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው፣ ሁሉም ስለተስማማ ማንም አያጣራም።

ነገሩ የሩቅ ነው የሚል ካለ መካነ ኢየሱስን አስታውሱት። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በ2009 የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ማጋባት ጀመረች፣ የአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዓመት በዘላቂ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ውስጥ ላሉ አገልጋዮች በሯን ከፈተች። መካነ ኢየሱስ ከሁለቱም ጋር የረጅም ዘመን ወዳጅነት ነበራት፣ ሚሲዮኑም ድጋፉም ከዚያ ይመጣ ነበር። በጥር 2005 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤዋ ከሁለቱም ጋር ያላትን ኅብረት ማቋረጡን አጸደቀ። ከተከራከራችሁ አይቀር በዚህ ተከራከሩ፤ ቅርብ ነው፣ ስለ ገንዘብም ስለ እምነትም ያስጠይቃል።

ሌላው ሁሌ የሚነሳው «ቄሱን ያስገድዱታል» የሚለው ነው። ብዙ ቦታ አያስገድዱም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማጋባት የሚፈልግ የሃይማኖት ተቋም ራሱ አመልክቶ ነው ፈቃድ የሚወስደው። ዴንማርክ ውስጥ በ2012 የመንግሥት ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ሥርዓቱን ጀመረች፣ አልፈልግም ያለ ቄስ ግን አይገደድም። የመዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሠራተኛው ለሕሊናዬ ይከብደኛል ብሎ እንዲተው የሚፈቅደውን አንቀጽ በ2020 ሰርዛዋለች። እዚህ ላይ እውነተኛ ጭቅጭቅ አለ፣ ያዙት።

የእኛ ሕግ የት ነው?

አጭር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ የማግባት መብት የሚሰጠው ለጋብቻ ዕድሜ ለደረሱ «ወንዶችና ሴቶች» ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ቀላል እስራት በዚያው ሕግ በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ ማክበጃ ሲኖር አንቀጽ 630 ከዚያ ከፍ ያደርገዋል። ይህን ይቀይር ተብሎ ምክር ቤት የቀረበ ረቂቅ የለም። «እኛም ልንፈቅድ ነው» የሚል ድምፅ ቢላክላችሁ የአዋጁን ረቂቅ አምጣ በሉት። አያመጣም።

ሰው አትጥቀሱ

ይህቺን ሸርተት አድርጋችሁ እንዳታልፏት። ስለ ሕግ የተጀመረ ክርክር በአምስት ደቂቃ ውስጥ «እንትናስ ግን አካሄዱን አይታችኋል?» ወደሚል ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ክርክር መሆኑ ቀርቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «እሱ ነው፣ እሷ ናት» ሲባል የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ድርጊቱ በሚያሳስርበት ሀገር ስም መጥራት ሐሜት ብቻ አይደለም፣ ሰው ያስደበድባል፣ ከተከራየበት ቤት ያስወጣል። ስም ማጥፋት ደግሞ ራሱ በአንቀጽ 613 ያስጠይቃል።

ግሩፕ ላይ ፎቶ ቢለጠፍ ምን ታደርጋላችሁ? አታስተላልፉት፣ ለመቃወምም ቢሆን አታስተላልፉት። «አሳፋሪ ነው፣ እዩት» ብሎ የላከውም ያው ላኪ ነው። አድሚኑን በውስጥ አናግሩትና እንዲያጠፋው ንገሩት። አድሚኑ እናንተ ከሆናችሁ አጥፉት፣ ለምን አጠፋህ ለሚል የሕግ ክርክሩ ይቀጥላል ሰው ግን አይለጠፍም በሉ። መጀመሪያ ላይ ጥግ ይዞ ዝም ያለውን ልጅም «አንተስ ምን ትላለህ?» እያላችሁ አታፋጥጡት። መናገር ከፈለገ ይናገራል።

ከአባት ጋር ሲሆን

ከጓደኛና ከአባት ጋር አንድ ዓይነት ክርክር የለም። አባባ ዜና አይተው ከተቆጡ ወንፊትና ሕዝበ ውሳኔ አታምጡባቸው። «አባባ፣ ይሄ ኬንያ ስለ ማኅበር ምዝገባ ነው እኮ፣ ስለ ጋብቻ አይደለም» ብላችሁ በልስላሴ ጣል አድርጉና ወሬ ቀይሩ። ከሰሙ ሰሙ። የቤት ሰላም ከአየርላንድ ይቅደም።

ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ አደራ። አሜሪካ የፈቀደችው በ2015 ነው፣ የቲክቶኩ ነገርም በ2015 ነው፣ በመሃላቸው ግን ስምንት ዓመት አለ። የዛሬ አሥር ዓመት የሆነ ነገር «ሰበር» ተብሎ እንደ አዲስ የሚላከው በዚህ ክፍተት እየገባ ነው፤ እኛው ግሩፕ ላይ ያው የአሜሪካ ዜና በየክረምቱ ይመለሳል፣ በየክረምቱም አዲስ ሰው ይቆጣበታል። የማን አቆጣጠር ነው ብላችሁ ጠይቁ።