የኢንዶኔዥያን ጥናት ሞዴል አድርጎ በአራዳ ትምህርት ቤቶች የቋንቋ አጠቃቀምን ማጥናት

በእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና ላይ የማሟያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ከስድስት ኪሎ ሳይወጣ በነጻ የሚያወርዳቸው የኢንዶኔዥያ ጥናቶች ብዙ ናቸው። የዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች መጽሔቶቻቸውን በአብዛኛው በነጻ ያወጣሉ። ጋሩዳ የሚባለው የመንግሥት ፖርታል ይሰበስባቸዋል፤ ሲንታ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ጥያቄያቸውም እኛ የምንጠይቀው ነው፦ ዕጩ መምህሩ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚሻገረው መቼ ነው? ለምን? ጥያቄውን መውሰድ መልካም ነው። መጠይቁንና የኮድ ሠንጠረዡን (የተሰማው ንግግር በምድብ የሚለይበትን ዝርዝር) እንዳለ ገልብጦ አራዳ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤት ይዞ መግባት ግን ሥራውን ከመነሻው ያበላሸዋል።

የኢንዶኔዥያ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በባሃሳ ኢንዶኔዥያ ነው። የአገሪቱ ወጣቶች እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1928 የአንድነት ቋንቋችን ብለው ቃል የገቡለት፣ የ1945ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 የአገሪቱ ቋንቋ ያደረገው እሱ ነው። እንግሊዝኛ እዚያ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። እኛ ዘንድ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ «ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ የሚሰሙት በእኔ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው» የሚል የመጠይቅ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ አውጡት። በምትኩ የዚያኑ ክፍል አንድ የባዮሎጂ ወይም የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተመልከቱ። የእንግሊዝኛ መምህሩ አማርኛ መጠቀሙ ትርጉም የሚሰጠው የባዮሎጂ መምህሩ ምን እንደሚያደርግ ሲታወቅ ነው፤ ይህን የሚያካትት የማሟያ ጽሑፍ ደግሞ ጥቂት ነው።

ሞዴል የሚሆን ጥናት ስትመርጡ መጀመሪያ መረጃው የተሰበሰበበትን ዓመት እዩ። ኢንዶኔዥያ «ዓለም አቀፍ ደረጃ» የሚል ስያሜ የተሰጣቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነበሯት። የሂሳብና የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥባቸው ነበር፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የሕግ መሠረታቸውን ሻረው። ከዚያ በፊት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተሠራ ጥናት ለእኛ ሁለተኛ ደረጃ ይበልጥ ይቀርባል። ቀጥሎ ቦታውን አረጋግጡ፦ ፔሳንትረን (የእስልምና አዳሪ ትምህርት ቤት) ከሆነ ተማሪው አዳሪ ነው፤ በአንዳንዶቹ ከክፍል ውጭም ዓረብኛና እንግሊዝኛ መናገር ግዴታ ስለሆነ አኃዙ ለቀን ተማሪ አይሆንም። የታዩት መምህራን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆኑም የኮድ ዝርዝሩን ውሰዱ፤ መቶኛውን ተዉት።

«የመጀመሪያ ቋንቋ» የሚለውን ሣጥንም አትመኑ። በጃቫ ያለ ልጅ ቤቱ ጃቫኛ ወይም ሱንዳኛ ተናግሮ ባሃሳን በትምህርት ቤት ያጠናክር ይሆናል፤ ብዙ ጥናት ግን ባሃሳን የመጀመሪያ ቋንቋ ብሎ ይመዘግበዋል። ፒያሳ ያለ ክፍል ውስጥም ቤታቸው ጉራጊኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። «የመጀመሪያ ቋንቋህ ምንድን ነው?» በማለት ፈንታ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ከእናትህ ጋር፣ ከወንድምና እህቶችህ ጋር፣ በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞችህ ጋር በምን ትነጋገራለህ?

ለፈቃድ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ርእሰ መምህሩ ሂዱ። ዕጩ መምህሩ በጽሑፍ ይስማማ፤ ተማሪዎቹ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ የወላጅ ስምምነትም ያስፈልጋል። ቪዲዮው ይቅር፤ ድምፅ ይበቃል።

በፕራክቲከም (በማስተማር ልምምድ) ላይ ያለ ሠልጣኝ ከኋላ የተቀመጠን ሰው ሁሉ ነጥብ ሰጪ አድርጎ ያያል፤ ያን ቀን አማርኛው ይጠፋል። ስለዚህ የአማካሪው ግምገማ በሚደረግበት ቀን አትቅዱ፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ለመላመጃ ያዙና ከትንተናው አውጡት። ከአንድ መምህር ቢያንስ ሦስት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል፤ የሰዋስው፣ የንባብና የንግግር ትምህርት ቢሆኑ ይመረጣል። የሰዋስው ቀን ብቻ የቀዳ ሰው አማርኛውን አግንኖ ያገኘዋል።

አንድ ስልክ በመምህሩ ደረት ኪስ (በኤርፕሌን ሞድ)፣ ሌላ ከኋላ ዴስክ ላይ አድርጉ። የኪሱ የመምህሩን ድምፅ፣ የኋላው የተማሪዎቹን መልስ ይይዛል። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ከጀመረ የኋላው ቅጂ ዋጋ የለውም፤ ሌላ ቀን ቅዱ።

አሁን ወደ ቆጠራው። ብዙ ጥናቶች ቃል ይቆጥራሉ። በአማርኛ አድራጊው፣ ተደራጊውና አሉታው አንድ ግስ ውስጥ ስለሚጠቀለሉ በቃል ቆጠራ አማርኛው ሁልጊዜ አንሶ ይታያል። በጊዜ ቁጠሩ፦ በየ15 ሰከንዱ ቅጂውን አቁማችሁ በዚያች ቅጽበት የሚነገረውን ብቻ ኮድ ስጡ። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 160 ነጥብ ይሰጣል። ኮዶቹ አምስት ይሁኑ፦ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ ድብልቅ፣ ዝምታ ወይም የጽሑፍ ሥራ፣ የማይሰማ። ድብልቅ የሚባለው ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ነው። ሌላ ቋንቋ ከተሰማ ስድስተኛ ኮድ ጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማካፈሉ ላይ ነው። ከ160ው 38 ዝምታ፣ 6 የማይሰማ፣ 58 እንግሊዝኛ፣ 41 አማርኛ፣ 17 ድብልቅ ቢሆን የንግግሩ ነጥብ 116 ነው። አማርኛው 41 ለ116፣ ማለትም 35.3 በመቶ ይሆናል። ለ160 ካካፈላችሁት ወደ 25.6 ይወርዳል፤ ብዙ የጽሑፍ ሥራ የሚሰጥ መምህርም በዚህ ስሌት አማርኛ የማይናገር ይመስላል።

«ሆምወርካችሁን አውጡ» እንዴት ይቆጠራል? ቃሉ የአማርኛ ቅጥያ ከወሰደ አማርኛ ነው በሉ፤ አለበለዚያ ድብልቁ ኮድ ይጥለቀለቃል። ኢንዶኔዥያዎቹም በእንግሊዝኛ ቃል ላይ የራሳቸውን ቅጥያ ሲቀጥሉ ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ሁሉም ግን ሕጋቸውን አይጽፉም። እናንተ ጻፉት።

ከቋንቋው ኮድ ጎን የተግባር ኮድ አስቀምጡ፦ ትርጉም መስጠት፣ ሰዋስው ማስረዳት፣ መመሪያ መስጠት፣ ሥርዓት ማስያዝ፣ መቀለድ ወይም ማበረታታት። ከስምንት በላይ ካደረጋችኋቸው ኮድ ሰጪዎቹ መስማማት ያቅታቸዋል። ሁለተኛ ሰው ከቅጂው 20 በመቶውን ለብቻው ኮድ ይስጥ፤ ከዚያ የኮሄንን ካፓ፣ ማለትም ሁለቱ ኮድ ሰጪዎች ከአጋጣሚ በላይ ምን ያህል እንደተስማሙ የሚለካውን ቁጥር፣ አስሉ። የታየው ስምምነት 0.85፣ በአጋጣሚ የሚጠበቀው 0.50 ከሆነ ልዩነቱ 0.35 ለ0.50 ተካፍሎ 0.70 ይመጣል፤ ይሄ ደህና ነው። አንድ ኮድ ብቻ ሲበዛ ግን ካፓ ያታልላል፦ ስምምነቱ 0.92፣ የሚጠበቀው 0.86 ከሆነ ውጤቱ 0.43 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር አቅርቡ።

ከዕጩ መምህሩ ጋር የምታደርጉትን ቃለ መጠይቅ ከቀረጻው በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በአማርኛ አድርጉ። ከቅጂው አራት ወይም አምስት ቦታ መርጣችሁ አሰሙትና «እዚህ ጋ ምን እያሰብክ ነበር?» በሉ። «ለምን አማርኛ ተጠቀምክ?» ካላችሁት ይቅርታ መጠየቅ ይጀምራል። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቃል በቃል መገልበጥ አንድ የሥራ ቀን ይበላል፤ የተመረጡትን ቦታዎች ብቻ ገልብጡ።

ውጤቱን ስትጽፉ የአራዳውን 35 በመቶ ከኢንዶኔዥያ ከተሞች ከዮግያካርታ ወይም ከባንዱንግ መቶኛ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አታስቀምጡ፤ የቆጠራው አሃድ ይለያያል። የሚነጻጸረው የተግባሮቹ ቅደም ተከተል ነው፦ እዚያ ትርጉም መስጠት ቀድሞ እዚህ ሥርዓት ማስያዝ ከቀደመ፣ የውይይት ምዕራፉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።