ያልተሳለው ኤሌክትሮን፦ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። በርትተው ያጠኑ ልጆች ነጥብ ሲጥሉ ሳይ ያንገበግበኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት ወረቀቱ ላይ ያልተሳለውን እንደሌለ ስለሚቆጥሩት ነው።

መጀመሪያ የሚረሳው ሎን ፔር (ቦንድ ውስጥ ያልገባ የኤሌክትሮን ጥንድ) ነው። በመስመር በሚሳል ሞለኪውል ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ግን አለ። በዓይን አትገምቱ፣ ቁጠሩ። ከአቶሙ የቫለንስ (የውጨኛው ሼል) ኤሌክትሮኖች ላይ የሠራቸውን ቦንዶች ቀንሱ፤ የተረፈውን ለሁለት አካፍሉ። የኤታኖል ኦክስጅን 6 ቫለንስ ኤሌክትሮን አለው፤ 2 ቦንድ ሠርቷል፤ 4 ይተርፈዋል፤ ስለዚህ 2 ሎን ፔር። የአሴቶን ኦክስጅንም ያው ነው፤ ድርብ ቦንድ እንደ 2 ይቆጠራልና።

ቻርጅ ካለ ሒሳቡ ይለወጣል፦ ፖዘቲቭ ሲሆን በቻርጁ ልክ ቀንሱ፣ ኔጋቲቭ ሲሆን ጨምሩ። አሞኒየም ላይ 5 ሲቀነስ 4፣ ሲቀነስ 1፣ ዜሮ ነው። ናይትሮጅን ባዩ ቁጥር ከልማድ ሁለት ነጥብ የሚያስቀምጡ አሉ፤ እዚህ ላይ ቦታ የላቸውም።

በትክክል የቆጠረ ተማሪም ሁሉንም ሎን ፔር እኩል አድርጎ ያያል። ይህን የማስረዳው በቡና ነው፤ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ቡና ሳይሸተን አንሄድምና። ካፌይን 4 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው፤ ሲቆጠር 8 ሎን ፔር ይወጣል። ሆኖም ሜታይል (CH₃) የተያያዘባቸው 3ቱ ናይትሮጅኖች ጥንዳቸውን በሬዞናንስ (ኤሌክትሮን በብዙ አቶሞች ላይ ሲሰራጭ) ለጎረቤቶቻቸው አካፍለዋል። ፕሮቶን ለመቀበል፣ ማለትም ቤዝ ለመሆን፣ የሚቀናው ሜታይል የሌለው አራተኛው ነው፤ የእሱ ጥንድ ከቀለበቱ ወደ ውጭ ስለሚያይ ሬዞናንሱ ውስጥ አይገባም። «ናይትሮጅን ስለሆነ ቤዝ ነው» ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ይዘላል።

ፖላሪቲን (ኤሌክትሮን ወደ አንድ ወገን መሳቡን) በፔሪዮዲክ ቴብል ጉርብትና አትፍረዱ። ሰልፈር ከኦክስጅን ሥር ስለተቀመጠ ከካርበን ጋር የሚሠራው ቦንድ እንደ ኦክስጅን ፖላር ይመስላቸዋል። ኤሌክትሮን የመሳብ አቅምን በሚለካው በፖሊንግ ሚዛን ካርበን 2.55፣ ኦክስጅን 3.44፣ ሰልፈር ደግሞ 2.58 ነው፤ ስለዚህ የካርበንና የሰልፈር ቦንድ ፖላር አይባልም ማለት ይቻላል።

ቦንዱ ፖላር ሆኖ ሞለኪውሉ ፖላር ላይሆን ይችላል። ካርበን ቴትራክሎራይድ ላይ አራቱም ጉተታዎች ስለሚጣፉ ድምሩ ዜሮ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ዳይክሎሮሜቴን ላይ ይወድቃል። መስቀል አድርጎ ይስለዋል፤ ሁለቱ ክሎሪኖች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ «ተጣፍተዋል» ብሎ ያልፋል። ያኔ አንድ ድንችና አራት ስቴኪኒ አስመጣለሁ። ስቴኪኒዎቹን በተቻለ መጠን አራርቃችሁ ሰኩ፤ ሁለቱን በእስክሪብቶ ቅቡ፤ ድንቹ ካርበን፣ የተቀቡት ክሎሪኖቹ ናቸው። በመካከላቸው ያለው አንግል 109.5 ዲግሪ ገደማ ነው። የትኞቹንም ሁለት ብትመርጡ ፊት ለፊት አይሆኑም፤ ኤሌክትሮኑን ወደ አንድ ጎን ይስቡታል።