በቀቀናችን ላባውን መንቀል እንዴት ተወ
ግራጫው በቀቀናችን የደረቱን ላባ እየነቀለ ራቁቱን ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ መርምሮ የቆዳ በሽታም ሆነ ተባይ የለበትም አለን። የተረፈው ጥርጣሬ መሰልቸት ነበር። ይህ ወፍ ጫካ ውስጥ ቢሆን አብዛኛውን ቀን ምግብ ሲፈልግ ይውላል። ቤት ውስጥ ግን ምግቡ በሳህን ይቀርብለታል። ታዲያ ያ ጭንቅላት ምን ይሥራ? አሌክስ የተባለው የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የአይሪን ፔፐርበርግ ግራጫ በቀቀን እኮ ቀለምና ቅርጽ ይለይ፣ እስከ 6 ይቆጥር ነበር!

መፍትሔው ጣና ዳር ተገኘ። እዚህ ባሕር ዳር ታንኳ ከሚሠሩ ሰዎች ትርፍራፊ ደንገል ለመንኩ። አጥቤ አደረቅሁት። ለውዝ በደንገሉ ልጥ ጠቅልዬ ቋጠርኩና የወፍ ቤቱ ውስጥ ሰቀልኩት። መጀመሪያ ፈርቶ ሸሸ። ቆይቶ በአንድ እግሩ ያዘው፣ አገላበጠው፣ ቋጠሮውን በምንቃሩ ጎተተ። አልፈታ ሲለው ከጎኑ ቀዶ ለውዙን መዘዘ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አሁን አቋጠሩን እቀያይርበታለሁ፤ አንዴ ከገባው ቶሎ ይሰለቸዋል። ደረቱ ላይ አዲስ ላባ እየበቀለ ነው።

አደራ፣ ለመስቀያ ዚንክ የተቀባ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ይመርዘዋል። አቮካዶም እዚህ እንደልብ ቢገኝም ለበቀቀን መርዝ ነው፤ እንዳታቀምሱት።