የሲሪስ ላንድ ሮቨር መብራትና ነዳጅ፦ ከምልክቱ እስከ ጥገናው

ሲሪስ ላንድ ሮቨር ይዘው የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይነግሩኛል። «መብራቱ ደከመ» ወይም «ነዳጅ አልስብ አለ»። ይህ ጽሑፍ ለነሱ ነው። የማወራው ከ1958 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ስለተሠሩት ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን መኪኖች ነው። ባትሪውን፣ አምፖሉንና ፊውዙን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይበራል፣ የኋላ መብራቱ ይደበዝዛል

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው። ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም። የማሳው ነው፤ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው።

የላንድ ሮቨር አካል አሉሚኒየም ነው፤ ሻንሲው ብረት። ሁለቱ በተገናኙበት እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመሃላቸው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይፈጠራል። ይህ ዱቄት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የኋላ መብራቶች መመለሻቸው ደግሞ በብዙዎቹ መኪኖች በዚያው በአካሉና በቡሎኖቹ በኩል ነው። መንገዱ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ፍሬን ስትረግጡ በ21 ዋቱ ክር የገባው ኃይል በማሳው መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ በጎኑ ባለው በ5 ዋቱ ክር ወይም በፍሬቻው አምፖል ዞሮ፣ ማሳቸው ደህና በሆነ ሌሎች መብራቶች በኩል ይወጣል። መብራቶቹ እርስ በርሳቸው የተምታቱ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ሽቦው ተቀላቅሏል ብሎ መቆራረጥ የሚጀምር ሰው አለ። እባካችሁ ተዉት። አንድ ጊዜ የመጣልኝ መኪና ባለቤቱ የኋላ መብራቶቹን ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቀይሮ ነበር። ከዚያ አንድ ባለሙያ የፍሬቻውን ሽቦ ቆርጦ በሌላ ቀለም አዲስ መስመር ዘርግቶለታል። ችግሩ ግን ያው ነው። እኔ ያደረግሁት አንድ ቡሎን ፈትቼ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ብቻ ነው። መብራቱ ወዲያው ተስተካከለ። የተቆራረጠውን ሽቦ ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ፍተሻው ቀላል ነው። መብራቱን አብሩ። የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ ማሳ የታሰረበት የባትሪ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ቤት ብረት ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በታች ካነበበ ማሳው ጤነኛ ነው። 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ካነበበ ጥፋተኛውን አግኝታችሁታል። መለኪያ ከሌላችሁ ረጅም ሽቦ ከዚያው ምሰሶ እስከ መብራቱ ቤት ዘርጉ። ሲነካ ቦግ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ጥገናውን አንዴ ስሩት፣ በደንብ ስሩት። ቡሎኑን ፍቱ። ቀለሙንና ነጩን ዱቄት ብረቱ እስኪያበራ አሹ። ባለ ጥርስ ሮንዴላ ግጠሙ። ካጠበቃችሁ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት፤ እርጥበቱ ዳግም እንዳይገባ። ከዚያ በአካሉ ላይ መተማመን አቁሙ። ከእያንዳንዱ የኋላ መብራት ጥቁር ሽቦ አውጡና ሻንሲው ላይ እሰሩ። በነዚህ መኪኖች ጥቁር ሁልጊዜ ማሳ ነው። ፍሬን አረንጓዴ ላይ ሐምራዊ መስመር ነው፤ የግራ ፍሬቻ አረንጓዴ ላይ ቀይ፣ የቀኝ ፍሬቻ አረንጓዴ ላይ ነጭ። አዲስ ሽቦ ስትዘረጉ ይህን ቀለም ጠብቁ። ነገ የሚጠግነው ሰው ያመሰግናችኋል።

አሁን በጣም የማስጠነቅቃችሁን ልንገራችሁ። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው ወደ ሻንሲው የሚሄድ ወፍራም የማሳ ገመድ የግድ ያስፈልገዋል። ካምቢዮ አውርደው የሚመልሱ ሰዎች ይህን ገመድ ማሰር ይረሱታል። አንድ ምሽት እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ሞተሪኖው ሲሞከር የቾኩ ገመድ ሲጨስ አየሁ። የሞተሪኖው ኃይል ሁሉ መመለሻ አጥቶ በዚያች ቀጭን ገመድ እየሄደ ነበር። ገመዷ የምትደርሰው ካርቡራተሩ ላይ ነው። ካርቡራተሩ ደግሞ ቤንዚን ይዟል። የቾክ ወይም የነዳጅ መስጫ ገመድ ሲሞቅ ካያችሁ ሌላ ሙከራ አታድርጉ። ባትሪውን ፍቱ።

የፊት መብራት ሁለቱም ደካማ

የመብራቱ ኃይል በሙሉ በማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ፋብሪካው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ) አላደረገበትም። ማብሪያው ሲያረጅ ይግላል፣ ቮልቴጅም ይጥላል። ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ሁለት ሪሌ ነው፤ አንድ ለረጅሙ፣ አንድ ለአጭሩ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ፊውዝ ጋር። ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዛል። በዚህ ፈንታ 100 ዋት አምፖል የሚገጥሙ አሉ። ያ ማብሪያውን ያቃጥላል። ርካሽ ሪሌም አትግዙ፤ ውስጡ ቀልጦ ተጣብቆ መብራት አልጠፋ ያለበትን መኪና አይቻለሁ።

የነዳጅ መለኪያው ይዋሻል

ነዳጅ አልስብ ብሎ በገመድ ተጎትቶ የመጣ መኪና ነበር። ፖምፓው አዲስ፣ ካርቡራተሩ አዲስ። መለኪያው ግማሽ ይላል። የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቼ እንጨት ብሰድ እንጨቱ ደረቅ ወጣ።

የነዳጁም የሙቀቱም መለኪያ አብረው ከፍ ካሉ፣ በሲሪስ ሦስት (ከ1971 ጀምሮ በተሠራው ሞዴል) ላይ ከመለኪያዎቹ ጀርባ ያለችውን የቮልቴጅ ማረጋጊያ ተመልከቱ። ሥራዋ ለሁለቱም ወደ 10 ቮልት መስጠት ነው። ማሳዋ ሲላላ የባትሪውን ቮልቴጅ እንዳለ ታሳልፋለች። ሁለቱም መለኪያዎች የሌለ ነገር ያሳያሉ። እዚህም ማሳ ነው።

በዚሁ ሞዴል ላይ የነዳጁ ብቻ ባዶ ላይ ከቀረ ሰልባትዮው ላይ ያለው ሰንሰር ማሳ አጥቷል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ሽቦውን ከማሳ ጋር ለአፍታ ስታነኩት መለኪያው ቀስ ብሎ ከወጣ መለኪያው ደህና ነው። ይህን ሙከራ ግን ሰልባትዮው አፍ ላይ አታድርጉት። ሽቦ ቀጥላችሁ ከመኪናው ውጭ፣ ራቅ ብላችሁ ሞክሩት። ብልጭታ ይኖራል፣ የቤንዚን ትነትም አለ። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ በትነት የተሞላ ነውና። ቀዳዳ አለው ብላችሁ በብየዳ እንዳትነኩት።

ሃያ ደቂቃ ሄዶ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል

መጀመሪያ የሰልባትዮውን ክዳን ከፍታችሁ ሞክሩ። አየር ሲስብ ከተሰማና ሞተሩ ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። አጽዱት።

ካልሆነ የጎማ ቱቦዎቹን እዩ። አሮጌ ጎማ በኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን ሲነካው ከውስጥ ይፈርሳል። ከውጭ ጤነኛ ይመስላል። ፖምፓው ላይ ባለችው የብርጭቆ ጽዋ ውስጥ ጥቁር ፍርፋሪ ካያችሁ ቱቦውን በሙሉ ቀይሩ፤ የነዳጅ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ። የውሃ ቱቦ ቆርጦ የሚገጥም ሰው እሳት እየጋበዘ ነው። ጽዋዋ ውስጥ አረፋ ካያችሁ ደግሞ አየር እየገባ ነው፤ ከላይ ያለውን ጓርኒሲዮን ቀይሩ።

ሚኒሞ አልይዝ ብሎ ጥቁር ጭስ ካወጣና ካርቡራተሩ ዜኒት 36 ከሆነ፣ ክዳኑን አንሱ። በውስጡ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት አርጅታለች ወይም ክዳኑ ጠምሟል። ክዳኑ የሚጠምመው ሰው ብሎኑን ከልክ በላይ ሲያጠብቅ ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ ፊቱን ቀስ አድርጋችሁ አሹት፣ ቀለበቷን ቀይሩ፣ ብሎኖቹን በየተራ በልኩ አጥብቁ። የሚኒሞዋን ብሎን ብታዞሩ ምንም ለውጥ ካልመጣ ምልክቱ ይኸው ነው።

የፖምፓው ዲያፍራም (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሱ።

ሞቆ ሲጠፋ ነዳጅ ደህና ከሆነ ለሻማው ብልጭታ የሚያስፈልጉትን ቦቢናውንና ኮንደንሰሩን እዩ።

ከ1967 አካባቢ በፊት በተሠሩት ላይ ማሳው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ሬዲዮ ወይም ኤልኢዲ ከመግጠማችሁ በፊት አረጋግጡ።

የብርጭቆዋን ጽዋ መልሳችሁ ስትገጥሙ በእጅ ብቻ አጥብቁ፤ በፒንሳ ትሰበራለች። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ፖምፓው ላይ ያለችውን የእጅ ማንሻ ደጋግማችሁ ግፉና ጽዋዋን ሙሉ። ከዚያ አስነስታችሁ ዙሪያዋን በደረቅ ጣት ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ አጥፉትና ጓርኒሲዮኑን ደግማችሁ አስቀምጡ።