የፋብሪካ ገመድ አልባ ሴንሰሮች ሲቋረጡ ብልሽቱን ፈልጎ ማግኘት

የቦይለር ግፊት፣ የታንከር ከፍታ ወይም የሞተር ሙቀት በገመድ አልባ ሴንሰር በሚለካበት ፋብሪካ አንድ ቁጥር ከስክሪን ሲጠፋ፣ የጥገና ሠራተኛው ብዙ ጊዜ መሰላልና ካቻቢቴ ይዞ በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። ባትሪ ይቀይራል፤ አልሆን ሲል ሴንሰሩን ነቅሎ ሌላ ይተካል። ውድ ባትሪ የሚባክነውም፣ የተጠገነው ተመልሶ የሚጠፋውም በዚህ አካሄድ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች መረብ ሠርተው አንዱ የሌላውን መልእክት እየተቀባበለ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ዝም ሲል መነሻው አርባ ሜትር ርቆ የተሰቀለ ሌላው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው ከጌትዌዩ (የሴንሰሮቹን መልእክት ሰብስቦ ወደ ኮንትሮል ሩም ከሚያሳልፈው መሣሪያ) ገጽ ይጀምራል፤ መሰላሉ ቆይቶ ይደርሳል።

እዚህ የተጻፈው በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ለሚሠራው፣ ዋየርለስ ሃርት ለሚባለው የፋብሪካ ሴንሰሮች የሬዲዮ መገናኛ ደንብ ነው። ሌላውን ተመሳሳይ ደንብ፣ አይኤስኤ 100ን የምትጠቀሙም አብዛኛው ይሠራላችኋል፤ የስክሪኑ ስያሜ ይለያያል እንጂ የሬዲዮው ጠባይ አንድ ነው። ምሳሌዎቹ ኮምቦልቻና ደሴን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው፤ የቦታው ከፍታ፣ መብራቱና ክረምቱ በሥራው ላይ የራሳቸው ድርሻ አላቸውና።

የጠፉትን ቁጠሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ

ገጹን ከፍታችሁ ስንት እንደጠፋ እዩ። ሁሉም ከጠፉ ጥፋቱ ጌትዌዩ፣ የኃይል ምንጩ ወይም አንቴናው ላይ ነው። በአንድ አካባቢ ያሉ ብቻ ከጠፉ መንገዳቸው ተዘግቷል። አንድ ብቻ ከጠፋ ያን ጊዜ ሴንሰሩ ራሱ ይጠረጠራል። ጌትዌዩ ላይ ሁሉም ደህና ሆኖ ኮንትሮል ሩም ውስጥ ቁጥር ከሌለ ደግሞ ሬዲዮውን አትንኩት፤ ችግሩ ያለው ከጌትዌዩ ወደ ፒኤልሲ (ማሽኖቹን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ወይም ወደ ስካዳ (ቁጥሮቹን በስክሪን የሚያሳየው ፕሮግራም) በሚሄደው ግንኙነት ነው።

ሰዓቱን ከፈረቃው መዝገብ ጋር ስታስተያዩ ተጠንቀቁ። ብዙ ጌትዌይ በግሪንዊች ሰዓት እንደተተወ ይሠራል። እሱ 06:00 ብሎ የመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ሳያስተካክሉ የመብራት መጥፋትን ከሴንሰር መቋረጥ ጋር ማገናኘት አይቻልም። ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ግን ብዙ ነገር ይናገራል። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት የሚጠፋ ሴንሰር አጠገቡ ማይክሮዌቭ ያለው ካፍቴሪያ ወይም የሚቆም የጭነት መኪና ሊኖር ይችላል። ፈረቃ ሲቀየር የሚጠፋ ከሆነ ፎርክሊፍቱ የት እንደሚቆም እዩ።

ሁሉም ሲጠፉ

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ በቴስተር የጌትዌዩን መግቢያ ለኩ። አብዛኞቹ በ24 ቮልት ዲሲ ይሠራሉ። እየሠራ እያለ ንባቡ ከ20 በታች ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል፤ ጭነት ሳይኖረው 24 ማሳየቱ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ጠብቁ። መረቡ ራሱን መልሶ እስኪገነባ አንድ ሰዓት፣ ሴንሰሮቹ ብዙ ከሆኑ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ጌትዌዩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ጥሩ እየሄደ ያለውን ሥራ ከዜሮ ያስጀምረዋል። ጉዳቱ በዚያም አያበቃም። ሴንሰር መረብ ሲያጣ ሬዲዮውን ከፍቶ ይፈልጋል፤ ፍለጋው ደግሞ ከመደበኛው ሥራ ይልቅ ባትሪ ይበላል። መብራት በተደጋጋሚ በሚቆራረጥበት ቦታ ዓመታት ይቆያል የተባለ ባትሪ ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ጌትዌይና የኔትወርክ ስዊች አንድ ላይ ከ20 ዋት ብዙም አይበልጡም፤ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ትንሽ ዩፒኤስ አዲስ እያለ ሁለት ሰዓት ገደማ ይይዛቸዋል። ጀነሬተር ቢኖራችሁም ዩፒኤሱ ያስፈልጋል፤ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች ጌትዌዩን ለማጥፋት በቂ ናቸው። ስዊቹን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ ጌትዌዩ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያው ባዶ ነው።

ጌትዌዩ በርቶ፣ የሁሉም ሴንሰሮች ሲግናል በአንድ ቀን 10 ወይም 20 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል መለኪያ) ከወረደ፣ አንቴናውን ወደ ጣሪያ ያወጣውን ገመድ ጠርጥሩ። የገመዱን ሁለቱንም ጫፍ ንቀሉና በመካከለኛው ሽቦና በዙሪያው ባለው የብረት ጥልፍ መካከል ለኩ፤ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ማያያዣውን ስትፈቱት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ወይም ጠብታ ካያችሁ ነገሩ አልቋል፤ ውኃ የገባበት ገመድ በፀሐይ ደርቆ ወደ ቀድሞው አይመለስም፣ ይቀየራል። አዲሱን ስትገጥሙ ማያያዣውን ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ እየደራረባችሁ ጠቅልሉ፤ ከላዩ ተራውን ናስትሮ ጨምሩ። ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ገመዱን ትንሽ ወደ ታች አርግቡት፤ ዝናቡ በርጋታው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም። ይህን ከሐምሌ በፊት ጨርሱ። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው የካቲት ሳይገባ ቢሆን ይሻላል። የመብረቅ መከላከያውንም በዚያው እዩት፤ የመሬት ሽቦው ከተፈታ መኖሩ አይጠቅምም።

አንድ አካባቢ ብቻ ሲጠፋ

እዚህ ጋ ሁለት ቁጥሮችን አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የሲግናል ጥንካሬና የመንገድ መረጋጋት። ጥንካሬው ከ-75 ዲቢኤም የተሻለ (ወደ ዜሮ የቀረበ) ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ-85 ከወረደ ደካማ ነው። መረጋጋት ማለት ከተላኩት ውስጥ በመጀመሪያው ሙከራ የደረሰው ድርሻ ነው፤ ከ60 በመቶ በላይ ይሁን። ሁለቱም ከወረዱ መሃል ላይ ግርዶሽ ወይም ርቀት አለ። ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ መረጋጋቱ ብቻ ከወረደ ግን ሌላ ሬዲዮ እየረበሸ ነው። ይህን ልዩነት ሳይለዩ ተቀባባይ መሣሪያ መጨመር ወይም አንቴና መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ግርዶሹ ብዙ ጊዜ ትናንት ያልነበረ ነገር ነው፤ የተራገፈ ኮንቴይነር፣ እስከ ጣሪያ የተከመረ ጥጥ፣ አዲስ የላሜራ ክፍልፋይ፣ አዲስ ታንከር። ሁለት ሴንሰሮች መተያየታቸው ብቻ አይበቃም። በ100 ሜትር ርቀት ላይ መሃሉ ላይ በሚያገናኛቸው መስመር ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። ቱቦና ብረት በሞላበት ክፍል ከ30 ሜትር በላይ አትመኑ፤ መካከለኛ መሰናክል ባለበት 75፣ ገላጣ ግቢ ላይ 150 ሜትር ለዕቅድ ይሆናል። አንቴናው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቁም፤ ከግድግዳና ከብረት ምሰሶ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ። ተጋድሞ ወይም ከቧንቧ ጋር ተጣብቆ የተገጠመ አንቴና ሲግናሉን ክፉኛ ይጎዳል። በጥገና ወቅት አንዱ ሠራተኛ አጣሞት የሄደው አንቴና ብዙ ሰው ሲያለፋ ይታያል።

ስለ እርጥበት አንድ ነገር መባል አለበት። የደሴ ጉምና የሽመና አዳራሽ እርጥበት ሲግናሉን ይበሉታል የሚለው እምነት በፋብሪካ ርቀት ልክ አይደለም። በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ በእንዲህ ዓይነት ርቀት ጉምም ዝናብም የሚያደርሱት ጉዳት ኢምንት ነው። የሚጎዳው ክዳን ውስጥ የገባ ውኃ ነው። እርጥብ የጥጥ ክምርም እንዲሁ፤ እሱ እንደ ግድግዳ ይቆማል።

መንገዱ ከጠራ ቅርጹን መርምሩ። እያንዳንዱ ሴንሰር ቢያንስ ሦስት ጎረቤት (በቀጥታ የሚሰማቸው መሣሪያዎች) ይኑረው፤ ቢያንስ አምስቱ፣ መረቡ ከ20 በላይ ከሆነ ደግሞ ሩብ ያህሉ ጌትዌዩን በቀጥታ ይስሙት። የጠፉት ሁሉ በአንድ ሴንሰር በኩል ያልፉ ከነበረ ያ ሴንሰር ነው ያለቀው። የሌሎችን መልእክት ስለሚሸከም ባትሪው ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል፤ ባትሪውን ቀይሮ መተው ደግሞ ያንኑ ድካም መድገም ነው። አጠገቡ አንድ ወይም ሁለት ተቀባባይ መሣሪያ ጨምሩ። ከዚህም የተሻለው ጌትዌዩን ከሚጠብቃቸው ሴንሰሮች መሃል ማድረግ ነው። ሶኬት ስላለ ብቻ ቢሮ ጥግ የተቀመጠ ጌትዌይ መረቡን ከመነሻው ያሽመደምደዋል። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ጌትዌዩን ወደ ሥራው ቦታ አውጡት።

ረባሽ ሬዲዮ ከሆነ ዋይፋዩን እዩ። ዋየርለስ ሃርት ከ11 እስከ 25 ባሉ 15 ቻናሎች እየዘለለ ይሠራል። አንድ ዋይፋይ ከእነዚህ አራቱን ያህል ይሸፍናል። የዋይፋይ ቻናሎች አቆጣጠር የተለየ ነው፤ ዋይፋዩ በራሱ 1፣ 6 እና 11 ሲሠራ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ የሚሆኑት የዋየርለስ ሃርት 15፣ 20 እና 25 ናቸው። የቢሮውን ዋይፋይ ወደ 5 ጊጋ ኸርትዝ አዛውሩ፤ በ2.4 የሚቀረው በ20 ሜጋ ኸርትዝ ስፋት ብቻ ይሥራ፤ አንቴናውም ከጌትዌዩ አንቴና ሦስት ሜትር ይራቅ። ቻናል መዝጋት የመጨረሻ ምርጫ ነው፤ የመዝለያ ቦታ ባነሰ ቁጥር መረቡ ይዳከማል።

አንድ ብቻ ሲጠፋ

አሁን መሰላሉ ይምጣ። ዱቄት የሚቦንበት ወይም ተቀጣጣይ ትነት ያለበት ቦታ ከሆነ ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ባትሪው እዚያው እንዲቀየር የተፈቀደ መሆኑን ከአምራቹ ሰሌዳ አረጋግጡ፤ የዱቄት ብናኝ ይፈነዳል።

ክዳኑን ስትከፍቱ በመጀመሪያ ዓይናችሁ ይመልከት። ከማሳያው መስታወት ሥር የተንጠለጠለ ጤዛ፣ ተርሚናሉ ላይ አረንጓዴ፣ የተጨፈለቀ ወይም ጥጥ የነከሰ ኦሪንግ (ክዳኑን የሚያሽግ የጎማ ቀለበት) ካለ መነሻውን አግኝታችኋል። በኦሪንጉና በክዳኑ መሃል የገባች አንዲት የጥጥ ክር ለውኃ መንገድ ትሆናለች። ያልተጠቀማችሁበት የገመድ መግቢያ በፕላስቲክ ጊዜያዊ ክዳን ከቀረ በብረት መድፈኛ ተኩት። ክዳኑ እስከ መጨረሻው ይጥበቅ።

ባትሪውን በባዶ (ጭነት ሳይኖረው) መለካት ያታልላል። በእነዚህ ሴንሰሮች የተለመደው የሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ ባትሪ እያንዳንዱ 3.6 ቮልት ነው፤ ሁለት ሲደረደሩ 7.2። ቮልቴጁ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሳይወርድ ይቆይና በድንገት ይወድቃል፤ ባዶውን ስትለኩት ደህና የሚመስለው ለዚህ ነው። ሴንሰሩ ራሱ ሥራ ላይ እያለ የሚልከውን የባትሪ ንባብ እመኑ። ለረጅም ጊዜ መጋዘን የቆየ አዲስ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ መጀመሪያ ሲገጠም ቮልቴጁ ወርዶ ሴንሰሩ ደጋግሞ እየጠፋ ሊነሳ ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ስጡት፤ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። መጠባበቂያዎቹን ከቦይለር ክፍል አርቃችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ። እንዳትሞሏቸው፣ እንዳታቃጥሏቸው፣ ከብረት መሣሪያ ጋር በአንድ ቦርሳ እንዳትይዟቸው።

ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ የመላኪያ ጊዜውን አስተካክሉ። በሰዓታት የሚለወጥ የታንከር ከፍታ በየሴኮንዱ መላክ የለበትም፤ በየ60 ሴኮንዱ ይበቃዋል።

ባትሪው ደህና ሆኖ መረብ የማይገባ ከሆነ የመረብ ቁጥሩንና የመግቢያ ቁልፉን እንደገና ጻፉለት። ቁልፉ 32 ምልክት ነው፤ ስምንትና የላቲኑ ቢ ሲቀያየሩ ይበላሻል። ከሴንሰሩ ተመልሶ ስለማይነበብ መፈተሽ አይቻልም፣ ደግሞ መጻፍ ብቻ ነው። ከዚያ ባትሪውን ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ አቆይታችሁ መልሱት፤ ለረጅም ጊዜ ሲፈልግ የቆየ ሴንሰር ባትሪ ለመቆጠብ ፍለጋውን ያዘገያልና። ብዙ ሴንሰር የምትገጥሙ ከሆነ ከጌትዌዩ ቅርብ ካለው ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሂዱ።

ቁጥሩ እየመጣ ልክ ካልሆነ

ሬዲዮ የተሳሳተ ሙቀት አይልክም፤ መልእክቱ ከተበላሸ ይጣላል። ስለዚህ ስህተቱ መለኪያው ላይ ነው። የሙቀት መለኪያው ፒቲ 100 (ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚጨምር) ከሆነ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩ፦ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ25 ዲግሪ 109.7፣ በ100 ዲግሪ 138.5። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ አንድ ዓይነት ቀለም ባላቸው ሁለቱ መካከል ጥቂት ኦም ብቻ ይነበባል።

በፈላ ውኃ የምትፈትሹ ከሆነ 100 አትጠብቁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ላይ በ92 ገደማ። 94 ያነበበውን ሴንሰር 6 ዲግሪ ጨምሮ ማስተካከል ደህናውን ማበላሸት ነው። የግፊት ሴንሰርም እንዲሁ ነው፤ አየር ላይ ተከፍቶ ሳለ 81 ኪሎ ፓስካል የሚያነብ ከሆነ ፍጹም ግፊት የሚለካ ዓይነት ነውና ኮምቦልቻ ላይ ልክ ነው። ዜሮ መጠበቅ ያለበት ከአካባቢው አየር አንጻር ከሚለካው ነው።

ጌትዌዩ ላይ ልክ፣ ስክሪን ላይ ስህተት

ግንኙነቱ ሞድባስ ቲሲፒ (ጌትዌዩና ፒኤልሲው በኔትወርክ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ከሆነ በር (ፖርት) 502 ክፍት መሆኑን፣ ከዚያ የሬጂስተሩን (ዋጋው የሚቀመጥበትን ቦታ) ቁጥር እዩ። አንዱ አምራች ከ0፣ ሌላው ከ1 ስለሚጀምር በአንድ መዛነፍ የተለመደ ነው፤ የአንዱ ሴንሰር ዋጋ በሌላው ስም የሚመጣ ወይም ትርጉም የሌለው ቁጥር የሚሆነው በዚህ ነው። ዋጋው በሁለት ሬጂስተር የሚላክ ከሆነ ቅደም ተከተላቸው ሊገለበጥም ይችላል። 25.3 መሆን ያለበት እንደ 2.7 ሲባዛ በ10 ኃይል 23 ያለ ግዙፍ ቁጥር ሆኖ ከመጣ፣ ወይም 25 መሆን ያለበት ዜሮ ከመሰለ፣ ፒኤልሲው ውስጥ የሁለቱን ሬጂስተሮች ቅደም ተከተል ቀይሩ። አንዱን ታግ (የአንድ ሴንሰር ዋጋ በስክሪን ላይ ያለውን ስም) አስተካክላችሁ ከሴንሰሩ ማሳያ ጋር አስተያዩ፤ ሲገጥም ወደ ቀሩት ሂዱ።